እታለም ስትስል

መስከረም 12

ይድረስ ለፈረሴ፣ ለባሌ የእህት ልጅ፣ እኔ ግን ከሆዴ እንደወጣ ለማይህ፤

እንዴት ከርመሃል? ሥራህ፣ ጤናህ፣ ያች ነገር ሲበዛብህ የምትነሣብህ ጨጓራህስ እንዴት ናት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ደረጃ ሲያይ ነው የሚያኮርፈኝ እንጂ ሜዳ ላይ ተስማምተን እንሄዳለን። አጎትህ ከሾፌርነቱ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚነዳው አጥቶ እኔን ይነዳኛል። ‹ወደ ግራ፣ ምጣዱን አሳልፊ፣ ቀስ፣ በሩ ጋ ቁሚ።› ሰላም ብሎሃል።

የተነሣሁበትን ልንገርህ። ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ጋራዡ የሠራተኞች መመገቢያ አዳራሽ ለልጆች ቼስ ማስተማሬን አልተውኩም። አንተንም ያስተማርኩህ እዚያው የሞተር ዘይት የሚሸተው አዳራሽ ውስጥ አይደል? ዛሬም ይሸታል። ባለፈው ሳምንት ከስፖርት ጽሕፈት ቤቱ አንድ ኃላፊ መጣና ዙሪያውን አየ፣ ጠረጴዛዎቹን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፣ ከዚያ ‹እናት፣ ከእንግዲህ ዓለም አቀፍ የአሠልጣኝነት ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው የልጆች ክፍል አይመራም። እስከ ግንቦት መጨረሻ ያለው ያሳይ፣ የሌለው ይልቀቅ› አለኝ። ‹ልጆቹስ?› ስለው ‹ወረቀቱ ላለው ሰው ይሰጣሉ› አለ፤ ልጆቹን ከወንበሩ ጋር ቆጥሯቸው መሰለኝ።

እኔ ቀኑን ሙሉ መጋረጃ የምሰፋ ሴት ነኝ። ያለ ቅዳሜዬ ምን ልሆን ነው? እነዚያን ልጆች ከፊደል በፊት ነው ሰሌዳውን ያስተዋወቅኳቸው። ደግነቱ ከየአገሩ የሚመጡትን አሠልጣኞች የምታሠለጥነው አንተው ነህ። ወደ ሥልጠናው ለመግባት ከነባር አሠልጣኝ የድጋፍ ቃል ያስፈልጋል አሉኝ። አንተ ከጻፍክልኝ ሌላው የእኔ ነው።

እንዴት እንደማስተምር ቢጠይቁህ ደግሞ እንዳትቸገር ልንገርህ። ልጅ ሊሳሳት እጁን ሲዘረጋ ‹እህህ› ብዬ እስላለሁ። እጁን ይሰበስባል። ስድብ የለ፣ ቁጣ የለ። አንተስ በዚያችው ሳል አይደል ያደግከው?

መልስህን በር በሩን እያየሁ እጠብቃለሁ። የረገጥከው መሬት ይለምልምልህ።

እታለም


ኅዳር 3

ለውዷ እታለም፤

ሰላምሽ ይብዛ። የአጎቴንም ጉልበት ሳሚልኝ፣ የአንቺን ግን ደረጃ እንዳያይ አሳርፊው።

የዘገየሁት ሥራ ተደራርቦብኝ ነው። አንዱን ሥልጠና ጨርሼ ሻንጣዬን ሳልፈታ ወደ ሌላው ነበር የሄድኩት። የሠላሳ ጎልማሳ አሠልጣኝ ክፍል ከሠላሳ ልጆች ክፍል ይብሳል፤ ሁሉም ለመናገር እንጂ ለመስማት አልመጣም።

ስለ ድጋፍ ቃሉ እናያለን። ቦታው ጠባብ፣ የሚጠይቀው ብዙ ነው።

እስከዚያው ግን ስለ ሳሉ የጻፍሽልኝን በደንብ ብትዘረዝሪልኝ ደስ ይለኛል። ሁልጊዜ ነው የምትስዪው ወይስ አንዳንዴ? ልጁ እጁን ከሰበሰበ በኋላ ምን ሊሆንበት እንደነበር ይጠይቅሻል? ወይስ ዝም ብሎ ሌላውን ጠጠር ያነሣል? ያስታወስሽውን ሁሉ ጻፊልኝ፤ ለሥራዬ ይጠቅመኛል።

አክባሪሽ ፈረስ


ኅዳር 20

ለፈረሴ፤

ደብዳቤህ በደህና ደረሰችኝ፣ አንተንም በደህና ታግኝህ።

እንደ ጠየቅከኝ እዘረዝርልሃለሁ። አንድ አጭር ሳል ‹ቆም በል› ነው። ሁለት ከሆነ ‹ንግሥትህን እይ›። ጉሮሮዬን ጠረግሁ ማለት ‹ንጉሥህ ተከቧል›። ካነጠስኩ ግን እውነተኛ ጉንፋን ነው፤ ያኔ አዳራሹ ይተራመሳል፣ ስድስቱም ልጅ ንግሥቱን አንሥቶ የት እንደሚያደርጋት ይጠፋዋል። አንዲት ችኩሊት የምንላት ልጅ አለችኝ፤ አእምሮዋ እሳት ነው፣ እጇ ግን ከአእምሮዋ ቀድሞ ይደርሳል። ለእሷ ብቻ ጉሮሮዬ ሊቀደድ ነው። ‹ለምን ሳልሽ?› ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ማናቸውም አይጠይቁም። እኔን ስለሚያምኑ ነው።

ይኸው ጻፍኩልህ። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ያች ‹እናያለን› ያልካትን አልወደድኳትም። ‹እናያለን› የቤት አከራይ ቃል ናት። ዘመድ ‹እሺ› ይላል ወይም ‹አልችልም› ይላል። ለጥያቄዬ አንድ መስመር፣ ለሳሌ ግማሽ ገጽ። ምን ማለት ነው?

ደብዳቤህን ለጎረቤቴ ለፀጉር ሠሪዋ አነበብኩላት። ማበጠሪያዋን እንደያዘች ቆማ አደመጠችኝና ‹ሞኝ አትሁኚ። ዘዴሽን ወስዶ በስሙ መጽሐፍ ሊያወጣበት ነው› አለችኝ። ‹የእኔ ልጅ እንዲህ አያደርግም› አልኳት። ‹እኔም እህቴን እንዲህ አታደርግም ብዬ ነበር› አለችና ወደ ደንበኛዋ ዞረች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እየነሣኝ ነው። ብትወስደው እንኳ አልቀየምህም፣ ላንተ የምሰስተው ነገር የለኝም። ብቻ ንገረኝ። ሳልሰማ ከኪሴ አትውሰድ።

የድጋፍ ቃሉን እጠብቃለሁ። ኃላፊው ባለፈው ቅዳሜም መጥቶ መስኮቶቹን ሲለካ ነበር።

እታለም


ጥር 15

ጉዳዩ፦ ለአሠልጣኝነት ሥልጠና የድጋፍ ቃል ስለመጠየቅ

ለአመልካች፤

ለሥልጠና ለመመዝገብ ያቀረቡት ጥያቄ ደርሶኛል። በደንባችን መሠረት አሠልጣኝ ለሥጋም ሆነ ለጋብቻ ዘመዱ የድጋፍ ቃል መስጠትም ሆነ ዘመዱን መፈተን አይችልም። ስለሆነም ጥያቄዎን ለማስተናገድ የምቸገር መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።

ከሰላምታ ጋር

(ከታች በእጅ የተጻፈ) እታለም፣ ዘመዳሞች መሆናችንን እዚያ ለማን ለማን ነግረሻል? ደግሞ አንድ ነገር ብቻ፦ ልጆቹ አንቺ በሌለሽበት ውድድር ገብተው ያውቃሉ? እንዴት ሆኑ?


የካቲት 2

ለባሌ የእህት ልጅ፤

እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔም ‹እርስዎ› ሆንኩልህ። በልጅነትህ አፍንጫህን የጠረግሁልህ ‹አመልካች› ነኝ። ላይኛውን በጽሕፈት መኪና አስጻፍከው፣ ታችኛውን በእጅህ ጻፍከው፤ የትኛው ነው አንተ?

ለማን ነገርሽ ላልከኝ፦ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። ለደብዳቤ አመላላሹም፣ ለጋራዡ ዘበኛም። የምኮራበትን ምን ብዬ ልደብቅ? የሚያሳፍር መሆኑን እስካሁን አልነገርከኝም።

ስለ ውድድሩ ላልከኝ ግን እመልሳለሁ፤ አሁን ለምን እንደጠየቅከኝ ገብቶኛልና። አምና ልጆቹን ወደ ሌላ ከተማ ወስጃቸው ነበር። እኛን አሠልጣኞቹን ከመስታወት ኋላ አስቀመጡን። ሁሉም ተሸነፉ። ችኩሊት ጠጠሩን አንሥታ በአየር ላይ እንደያዘች ወደ መስታወቱ ዞራ ስታየኝ ነበር። ተመልሰን ለወላጆቹ ‹አዳራሹ ይበርዳል፣ ልጆቹ እጃቸው ደነዘዘ› አልኳቸው። ለራሴም ያልኩት ያንኑ ነው።

አሁን ደግሞ ትናንት የሆነውን ስማ። እዚህ አንድ የስፖርት መምህር አለ፤ አንተ ጋ ሠልጥኖ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ። የሥልጠናውን ባጅ ከአንገቱ ስለማያወልቅ ባለ ባጁ እንለዋለን፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ኃላፊው አዳራሹን እንዲያይ ላከው መሰለኝ፣ መጣ። ሜካኒኮቹ ሻይ እየጠጡ ነበር፣ እኔ ጠጠሮቹን እየሰበሰብኩ። ‹እስቲ ምን ተማርክ?› አሉት።

‹አሠልጣኛችን እንዴት ያለ ቀልደኛ መሰላችሁ› ብሎ ጀመረ። ‹ሁሌም የሚከፍተው በአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ልጆቿ ሊሳሳቱ ሲሉ ትስላለች። ልጆቹ ሰሌዳውን ማየት ትተው ጉሮሮዋን ይጠብቃሉ። ሌላ ቤት ሄደው ሲጫወቱ ጆሯቸውን ያቆማሉ፣ የሚስል የለም፣ በቃ አለቁ። እኛ አሁን አንዱ ለተማሪው መልሱን ሲነግር ካየን ‹ሳለ› ነው የምንለው።› ከዚያ ሲስል አሳያቸው። አንድ አጭር፣ ሁለት፣ ጉሮሮ መጥረግ። በቅደም ተከተል፣ እኔ በጻፍኩልህ ቅደም ተከተል።

ሁሉም ሳቁ። በመጀመሪያ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ የሚስቁት አንድ አንድ እያሉ ወደ እኔ ዞሩና ወደ ሻያቸው አጎነበሱ። ባለ ባጁ ‹ምን አልኩ?› ይላል። ‹ምንም አላልክ› አለው ሽማግሌው ሜካኒክ፣ ‹ሻይህን ጠጣ።›

ፀጉር ሠሪዋ ዘዴሽን ሊሰርቅ ነው ስትለኝ ተጨንቄ ነበር። ምነው በሰረቅከው። የተሰረቀ ነገር ዋጋ አለው።

ቡራኬ ከእኔ አትጠብቅ ልል ነበር፣ አልሆነልኝም። ጤና ይስጥህ።


የካቲት 25

እታለም፤

ሰላም ለማለትም ፊት የለኝም፣ ግን ሰላም ለአንቺ ይሁን።

የነገረሽ ሁሉ እውነት ነው። ስምሽንና አገርሽን አልጠራሁም፤ ለራሴ የምሰጠው ማመካኛ እሱ ነበር። ባለ ባጁን ከየት እንደመጣ እንኳ ሳልጠይቅ አሠለጠንኩት።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ከእኛ ቤት ወጥቼ እዚህ የገባሁበት የመጀመሪያ ውድድር ትዝ ይለኛል። ጠጠሩን አንሥቼ ጠበቅሁ፤ ምን እንደምጠብቅ አላወቅሁም። ተጋጣሚዬ ‹ታመምክ እንዴ?› አለኝ። ስንት ዓመት ተጫውቼ ብቻዬን አስቤ እንደማላውቅ ያን ዕለት ገባኝ። በአንቺ ላይ ተናደድኩ። ከዚያ ንዴቱ ሥራዬ ሆነ፣ ሥራዬም አበላኝ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሳስቅ ደግሞ ንዴት መሆኑንም ረሳሁት። የድጋፍ ቃል ስትጠይቂኝ ለሌላው ሁሉ ‹አትሳሉ› እያልኩ አንቺን እንዴት ደግፌ ልጻፍ? ለአንቺስ በምን አፌ ልንገርሽ? ስለዚህ ዘዴዬ ‹እናያለን› ሆነ። አንቺ ስትዘረዝሪልኝም ለክፍሌ ተጠቀምኩበት። ይህኛው ይቅርታ የለውም።

ልክስሽ እፈልጋለሁ። የድጋፍ ቃሉን ፈርሜያለሁ። ፈተናውንም እኔው እንድፈትንሽ አደርጋለሁ። ምንም አትስጊ፣ ወረቀቱ ከግንቦት በፊት እጅሽ ይገባል።

ፈረስ


መጋቢት 5

ለፈረሴ፤

አጎትህ ደብዳቤህን ሁለቴ አስነበበኝና ‹ልጁ አዝኗል› አለ። እኔ ግን ሦስተኛ ጊዜ ብቻዬን አነበብኩት። በጥር በደንቡ የተከለከለው በየካቲት እንዴት ተፈቀደ? ደንቡ ተለውጦ ነው ወይስ አንተ? ደግሞ ‹አትስጊ› ስትለኝ ነው የሰጋሁት። መጀመሪያ ለማስቂያ ስትፈልገኝ ዘመድነቴን ረሳኸው፤ አሁን ለማስታገሻ ስትፈልገኝ ደንቡን ረሳኸው። በዚህ ወረቀት ልጆቹ ፊት ብቆም ሌላ ትልቅ ሳል ሳልክልኝ ማለት ነው።

በአንተ ተቀይሜያለሁ፣ እሱ ሌላ ነው፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። የልጆቹ ነገር ግን አይቆይም። ባለፈው ቅዳሜ ችኩሊትን ጠርቼ ‹ስስል ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?› አልኳት። ‹አዎ፣ አስቤ ነበር› አለች። ‹ምን ብለሽ?› ‹ሳልሽ ለቅሶ እየመሰለኝ እጄን እሰበስባለሁ።› ይታይሃል? ሰሌዳውን ሳይሆን እኔን ስታዝንልኝ ኖራለች።

ስለዚህ እንዲህ አድርግልኝ። ዝምድናችንን ለአለቆችህ ንገራቸው። የፈረምከውን ቅደደው። የድጋፍ ቃሉን ከባልደረቦችህ አንዱ ይስጠኝ፣ የማያውቀኝ ሰው፣ ቅዳሜ ሳስተምር በካሜራ አይቶኝ፤ ካልሰጠኝም አልሰጠኝም። ፈተናው ቀን ከክፍሉ ውጣ። ትምህርቱ በኮምፒውተር ነው ተብያለሁ፤ እሱ ላይ ግን ና፣ ያችን የሴትዮ ታሪክም ንገራቸው። እኔ ከፊትህ ተቀምጬ። ካፈርክባት ተዋት፣ ካላፈርክባት ልስማት።

የምታደርገውን ካደረግህ በኋላ ጻፍልኝ። ከማድረግህ በፊት እንዳትጽፍልኝ።

እታለም


ሚያዝያ 28

ለእታለም፤

እንደምን አለሽልኝ? ለአጎቴ፣ ለቤቱም ለአዳራሹም ሰላም።

እንዳልሽው ካደረግሁ በኋላ ነው የምጽፈው፣ ስለዚህ ዘገየሁ። ለአለቆቼ ነገርኳቸው። ደስ አላላቸውም። በዚህ ዙር ፈተና እንዳልፈትን አገዱኝ፤ የድጋፍ ቃሉንም ባልደረባዬ እንደሰጠሽ ያወቅሁት ስምሽን ዝርዝሩ ላይ ሳየው ነው።

ታሪኩን ስናገር አንቺ ማያ ገጹ ላይ ከታች ጥግ ባለችው ትንሽ መስኮት ነበርሽ፤ ከኋላሽ የጋራዡ የሒሳብ ክፍል መደርደሪያ ይታያል። ካሜራውን ታጠፊዋለሽ ብዬ ጠበቅሁ፣ አላጠፋሽውም። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ መሳል ላሳይ ስል አልወጣልኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ‹ያች ሴት ያስተማረችኝ ሴት ናት› አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም፣ ትምህርቱም የተሻለ ሆነ መሰለኝ።

ፈተናው እንዴት ነበር? ለእኔ አይነግሩኝም። መጠየቅም ክልክል ነው። አንቺን ግን መጠየቅ እችላለሁ።

ፈረስሽ


ግንቦት 14

ይድረስ ለፈረሴ፤

ሰላምታዬ ከእግርህ እስከ ራስህ ይድረስህ። የአሁኑ ከልብ ነው፣ ያለፉትን ግን አልምልልህም።

ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት ምን እንዳሰብኩ ሳልደብቅ ልንገርህ። ‹አገዱኝ› ብለህ ስትጽፍ አላመንኩህም። ፀጉር ሠሪዋም አላመነችህም፤ ‹ከኋላ በር ገብቶ ያሳልፍሻል፣ ታያለሽ› ብላኝ ነበር። ስለዚህ ፈተናው ላይ የተቀመጥኩት ሁለት ነገር እየፈራሁ ነው፦ መውደቅንና ማለፍን።

የጽሑፉ ያን ያህል አልከበደኝም፤ አጎትህ ሳምንት ሙሉ እንደ መንጃ ፈቃድ ፈተና ሲጠይቀኝ ከርሟል። የተግባሩ ቀን በሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ፊት ስድስቱን ልጆች አስቀምጬ አስተማርኩ። ፈታኟ ወፍራም መነጽር ያደረገች ሴት ናት፣ አትስቅም፣ አትቆጣም፤ በአስተርጓሚ ነው የምታናግረኝ። ሁሉም በደህና ሄደ። መጨረሻ ላይ ችኩሊት ንግሥቷን ያለ ዘበኛ ልትተዋት እጇን ሰደደች። ሳሌ መጣ። ዋጥኩት። እንባዬ እስኪመጣ ዋጥኩት። በውስጤ ‹አለፍሽ፣ እታለም› ስል ወንበሬ ሲጢጥ አለ። ለካስ ሳላስበው ከወንበሬ ተነሥቻለሁ። ልጅቷም እጇን ሰበሰበች።

ፈታኟ ለአስተርጓሚዋ አንድ ነገር አለቻት። አስተርጓሚዋ ትንሽ አመነታችና ‹ወንበሩ ሁልጊዜ እንዲህ ይናገራል ወይ ብላለች› አለችኝ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ችኩሊት ከሁሉም በላይ።

ወረቀቱ ትናንት መጣ። የጽሑፉን አልፌያለሁ፣ የተግባሩን ወድቄያለሁ። ምክንያቱን ሳይቀር ጽፈውታል፣ በሁለት መስመር፣ ምንም ሳያሽሞነሙኑ። አንብቤ ስጨርስ ሳቅኩ። አጎትህ ‹ወድቀሽ ምን ያስቅሻል?› አለኝ። እንዴት ልንገረው? ባልፍ ኖሮ ዕድሜ ልኬን የአንተን ደብዳቤ ሁሉ ወደ ብርሃን አንሥቼ እያየሁ ነበር የማነበው። አሁን እጅህን እንዳላስገባህ አወቅሁ። ፀጉር ሠሪዋም ብነግራት ማበጠሪያዋን አስቀመጠችና ‹ጉድ፣ እውነቱን ነው ለካ› አለች፤ ትንሽ ቅር ያላት ይመስላል።

ልጆቹ ለባለ ባጁ ተሰጡ። ኃላፊው ቁልፉን ከእኔ ተቀብሎ ለእሱ ሊሰጥ ሲል ቶሎ አልለቀቅኩለትም፣ አልዋሽህም። ባለ ባጁ ግን ቁልፉን ሲቀበል ፊቱ ቀልቶ ‹እትዬ፣ ረዳት ያስፈልገኛል፣ ልጆቹ እኔን አያውቁኝም› አለ። ረዳት ሆኜ ገብቻለሁ። ቅዳሜ እሱ ያስተምራል፣ እኔ ግድግዳው ጋ እቆማለሁ፤ ወንበር አልፈልግም ብዬዋለሁ። ባለፈው ችኩሊት ንግሥቷን ተበላች። ዞራ አየችኝ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ። አለቀሰች፣ አኮረፈች፣ ከዚያ ጠጠሮቹን መልሳ ደረደረችና የት ላይ እንደተበላች በጣቷ ፈለገች። አገኘችው። ለማንም አልተናገረችም። እኔም አልጠየቅኳት።

የሚቀጥለው ዙር መቼ ነው? ልፈተን ነው። ያችው ባለ መነጽሯ ብትሆንልኝ ደስ ይለኛል፤ ጆሮዋ ጥሩ ነው። ለእነሱ ንገርልኝ ልልህ ነበር፣ ግን ያም እጅ ማስገባት ነው፣ ተወው። የምዝገባውን ቀን ብቻ ላክልኝ።

እታለም